ኡምባዝ የጎረሰ ካምቢዮ

እንግዳው የታመመ መኪና ሲመጣለት አስቀድሞ የሚመረምረው ሹፌሩን ነው። "ማርሽ አልገባ አለኝ" ብሎ የመጣውን ሰው ከመሪው ፊት ያስቀምጥና "እስቲ እንደ ወትሮህ ንዳ" ይለዋል። ሰውየው ግራ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ የማያነሳ፣ ቀኝ እጁንም እንደ ምርኩዝ ማርሹ ላይ የሚጥል ከሆነ እንግዳው ምራቁን ጢቅ አድርጎ "መኪናው ደኅና ነው፤ የታመምከው አንተ ነህ" ይላል። በሱዳን፣ በገዳሪፍ ሲናዓ፣ ጋራዦቹ በተደረደሩበት በዚያ መሬቱ ዘይት በጠጣ ሰፈር፣ ባለ መኪናን እንዲህ ደፍሮ የሚሰድብ ሌላ ሐበሻ አልነበረም። ይሰድባል፣ ግን ያድናል። ስለዚህ ተሰድበውም ይመለሱለት ነበር።

አንድ ጆሮው አይሰማም፤ የሎሪ ጎማ ሲነፋ ፈንድቶበት ነው። ሌላውም ቢሆን ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነው። የመኪና ድምፅ የሚለይባት አንዲት የግራር ዘንግ ነበረችው። የዘንጓን አንድ ጫፍ ካምቢዮው ላይ፣ ማለት የማርሹ ሳጥን ላይ ያሳርፍና ሌላውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ድምፁ በጥርሱ ገብቶ በአጥንቱ ይሄድለታል። ይህን ያስተማረው ወልደ ማርያም የሚባል የአስመራ ሰው ነው፤ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ገዳሪፍ መጥቶ ያረጀና እዚያው የተቀበረ። ወልደ ማርያም ሌላም ነገር አስተምሮታል። "ማርሽ በጧት አይዳኝም" ይል ነበር። በጧት ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የማንም ማርሽ ጨዋ ይመስላል። ጠባዩ የሚወጣው ጭነት ተሸክሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ዳገት ሲገፋ ነው። እንግዳው ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ይደግማት ነበር።

የተወለደው ከጭልጋ ወዲያ ነው። እናታቸው እኅቱን ሸጊቱን ወልዳ በአራስነቷ ስትሞት እሱ ገና መጎርመሱ ነበር። አባታቸው እርሻ ሲውል ሕፃኗን በአንቀልባ አዝሎ የሚውለው እሱ ሆነ። የመንደሩ ልጆች "እንግዳው ወለደች" እያሉ ዘፈኑበት። በድንጋይ አባረራቸው እንጂ ልጅቱን ከጀርባው አላወረዳትም። ከፍ ብላ በእግሯ የምትከተለው ጊዜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወረደ። "ለጥምቀት ቀሚስ ይዤልሽ እመጣለሁ" ብሏት ነበር። ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገላባት፣ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ፣ ከአጨዳ ወደ ጋራዥ ሲል ስንት ጥምቀት አለፈ። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ስደት ሰውን በአንድ ጊዜ አይወስደውም፤ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቆነጥረው፣ ሲነቃ ግማሹ የለም።

ሰባ ሰባት መጣ። ስለዚያ ክፉ ቀን ብዙ መናገር አያሻም፤ ያየው አይረሳውም፣ ላላየው ቢነግሩት አያምንም። ድርቁ ደገኛውን ከነቤተሰቡ ነቅሎ ወደ ቆላ አፈሰሰው። በሰሜን በኩል በሐምዳይት የሚገባው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ የእርዳታው መኪና ሁሉ ወደዚያና ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ጎረፈ። በገላባት በኩል የገባው ጥቂት ነበርና፣ ጥቂቱን ማንም አላየውም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ የአገሩ ልጅ ከገላባት በእግሩ መጥቶ ሲናዓ ውስጥ አጠያይቆ አገኘው። ሰላምታውን እንኳ አላስረዘመም።

"እኅትህ ሸጊቱ ገላባት ነች። ባሏንም ልጇንም መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣች። እግሯ አብጧል፣ ያተኩሳታል። ነጋዴዋ ራዲያ አስጠግታታለች። ራዲያ 'ሐኪም ካላየች አትቆይም፣ መኪና ይዞ ይምጣ በለው' ብላኛለች" አለው።

እንግዳው የያዘውን ቁልፍ ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ምን አለች እሷ?" አለ።

"እኔን ባየች ቁጥር 'አያ አለ?' ነው የምትል።"

በእግሩ ሊነሣ አሰበ። ግን ባዶ እጁን ቢደርስ ምን ያደርግላታል? ሐኪም ቤቱ ያለው ገዳሪፍ ነው፤ ተኝታ የምትመጣ ሴት መኪና ያስፈልጋታል። መኪናው ደግሞ ከዝናቡ መቅደም አለበት። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ የነካው ዕለት መንገድነቱ ያበቃለታል፤ ኸሪፍ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ከገባ ገላባት እስከ መስቀል ደሴት ትሆናለች። እንግዳው ሰማዩን አየ። በምሥራቅ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሯል።

የጋራዡን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ለመነ። መኪና ያለው ናፍጣ የለውም፣ ናፍጣ ያለው መንገዱን ፈራ። በመጨረሻ ሙዘይን ዘንድ ደረሰ። ሙዘይን አባቱ የገላባት ነጋዴ የነበሩ፣ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን በዐረብኛ እያጣፈጠ የሚናገር ጎልማሳ ነው። ከአንድ የከሰላ ሰው የገዛው ሎሪ በሩ ላይ ቆሟል።

"ያ ኡስታ፣ ናፍጣ አለኝ፣ ሎሪም አለኝ። ማርሽ ነው የሌለኝ" አለው ሙዘይን፤ መካኒክን ኡስታ ነው የሚሉት። "ኒምራ ሁለት፣ ሁለተኛው ማርሽ፣ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ ይጮህብኛል። አንተ ማርሹን ስጠኝ፣ እኔ እኅትህን አመጣልሃለሁ። ወላሂ አልዋሽህም።"

"ተቀመጥና ንዳ" አለው እንግዳው።

ሙዘይን ደኅና ነጂ ነበር፤ የሚሰደብበት ነገር ታጣ። እንግዳው ሞተሩን አስጠፍቶ ማርሾቹን ሞከረ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የኋላው፣ ሁሉም እጅ ሳያስቸግሩ ገቡ። ሞተሩን አስነሥቶ ሲሞክር ግን አንደኛውም የኋላውም ጥርስ ለጥርስ እየተፋጩ ጮኹ። ይህ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ሞተር ጠፍቶ የሚገባ፣ ሞተር ተነሥቶ የሚጮህ ማርሽ ከሆነ ጥፋቱ የካምቢዮው ሳይሆን የፍሪሲዮኑ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ፍሪሲዮኑ ሞተሩን አይለቀውም ማለት ነው። እንግዳው ከሥር ገብቶ የፔዳሉን ዘንግ አየ። ልል ነው። ዳዶውን እያጠበቀ፣ እያስረገጠ፣ እያስለቀቀ ልኩን አገኘለት።

በማግስቱ ጧት፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሳለ፣ ባዶውን ሎሪ አስነሥተው በሰፈሩ ዞሩ። አንደኛው እንደ ቅቤ ገባ። ሁለተኛው ገባ፣ ጸንቶም ቆየ። እንግዳው የግራር ዘንጓን ነክሶ አዳመጠ። ጸጥ ያለ ነው። ካምቢዮው ምንም አይልም። ያረጀ ካምቢዮ ያረጀ ሰው ነው፣ ማጉረምረም አለበት፤ ያ ዝምታ ነበር ሊያስደነግጠው የሚገባው። እሱ ግን ደስ አለው። ተስፋ የቀረችውንም ጆሮውን ደፍናበት ነበር።

ወዲያው አንድ ወደ ገላባት የሚወርድ የወታደር መኪና ከሲናዓ ጫፍ ናፍጣ ሲቀዳ አየ። ሰው አይጭንም፣ ቃል ግን ያደርሳል፤ ሹፌሩ የእንግዳው ደንበኛ ነበር። እንግዳው ሮጦ ደረሰና በመስኮቱ ተንጠለጠለ።

"ለራዲያ ንገርልኝ። ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ሸጊቱን ጠጠሩ ላይ አውጧት በላት" አለው።

ጠጠሩ ከገላባት ወጣ ብሎ ያለ ድንጋያማ ጉብታ ነው። ሎሪ ወደ መንደሩ ጥቁር አፈር አይገባም፤ እዚያ ላይ ደርሶ፣ አራግፎ፣ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ አገር መኪና ለበሽተኛ አይቆምም፣ በሽተኛው ነው ለመኪና የሚጠብቅ። ዘመድ መኪና ይመጣል ሲባል በሽተኛውን ከነአልጋው ተሸክሞ ማለዳ ያወጣዋል፣ መኪናውም እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል። እንግዳው ይህን ያውቃል። አውቆ ነው የላከው። የወታደሩ መኪና አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ሙዘይን ለመንገዱ ውኃ በበርሜል ጫነና "አንዴ እስከ ዳገቱ ደርሰን እንመለስ" አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከከተማው ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ሁለተኛው ማርሽ ዘሎ ወጣ። ሙዘይን መለሰው። እንደገና ወጣ። ሞተሩ ባዶውን ያጓራል፣ ሎሪው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እንግዳው የማርሹን ዘንግ በእጁ ይዞ ሲያዳምጠው እንደ ታነቀ ሰው ይንቀጠቀጣል። የወልደ ማርያም ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለችው፤ ምን ዋጋ አላት፣ ቃሏ ገዳሪፍ ቀርታ የእሱ ቃል ገላባት ሊደርስ ነው።

"ኡስታ፣ ምንድን ነው?" አለ ሙዘይን።

"ሁለት በሽታ ነው ያለው። እኔ ያየሁት አንዱን ነው" አለ እንግዳው።

ጋራዥ ተመልሰው የካምቢዮውን ማፍሰሻ ሲፈታ ዘይት አልወረደም። ጣቱን አስገባ። ጥቁር ሊጥ ወጣ። አሸተተው፤ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። እኛ ፋጉሎ የምንለውን፣ ሰሊጥ ተጨምቆ የሚቀረውን አሰር ሱዳኖች ኡምባዝ ይሉታል። በሰሊጥ አገር የታወቀ ተንኮል ነው፤ ካምቢዮው ያለቀ ሎሪ ሊሸጥ ሲል ኡምባዙን ወቅጠው፣ በግራሶ ለውሰው ያጎርሱታል። ያረጀው ጥርስ ድምፁ ይጠፋል፣ የሚዘለውም ማርሽ በሊጡ ተይዞ ይቆያል። ብርድ ላይ ጠንክሮ ይይዛል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጥና ይለቃል። ሰው ከረኃብ የተነሣ የከብቱን ፋጉሎ በሚበላበት ዓመት፣ ያ የከሰላ ሰው ለብረት አጎረሰው። እንግዳው የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደበው፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ሊጡን በማንኪያ እየቧጨረ መሬት ላይ ሲቆልለው፣ ከጋራዡ ግንብ ሥር ከተጠለሉት ስደተኞች አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች።

"ወንድሜ፣ ሰሊጥ ነው?"

"አይደለም እመት። ግራሶ ነው፣ መርዝ ነው፣ ለሰው አይሆንም።"

"ሰሊጥ አውቃለሁ፣ አጭጄ ነው የኖርኩ። አጥቤ እበላዋለሁ፣ ስጠኝ።"

ምሳውን፣ ፉሉንም ዳቦውንም፣ አንሥቶ ሰጣት። ተቀበለችና ለልጆቿ ቆረሰችላቸው፤ ዓይኗ ግን ከክምሩ አልተነሣም። እንግዳው ጉድጓድ ቆፍሮ ሊጡን ቀበረው። ሴትዮዋ እጁን እያየች ቆመች፤ የሷን ነገር የደበቀባት ነው የመሰላት። በማግስቱ ጧት ሲመጣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባዶ ነበር። ሴትዮዋም ልጆቿም ከግንቡ ሥር የሉም። ሲጠይቅ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ።

ካምቢዮውን በናፍጣ አጥቦ ከፈተው። የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ጫፉ ተበልቶ ዶልዱሟል። ማርሹን የሚገፋው ሹካም ሳስቷል። ሹካውን በነሐስ አስበይዶ ሞላው፤ ጥርሱ ግን የሚሞላ ነገር አይደለም፣ ሌላ ይፈልጋል። ሌላው ካርቱም ነው። በገዳሪፍ ያሉትን የሞቱ ሎሪዎች ሁሉ እየከፈተ ፈለገ፤ አንድም የሚገጥም አላገኘ። ገጣጥሞ ንጹሕ ዘይት ሞልቶ ሲያስነሣው ካምቢዮው እንደ ጅብ ጮኸ፣ ሁለተኛውም በደልዳላው ላይ እንኳ ይዘል ጀመር። ኡምባዙ በሽታውን ደብቆ ነበር፣ ምርኩዙም እሱው ነበር። እንግዳው ምርኩዙን ነጥቆ አንካሳውን አቆመው።

ፀሐይ በወጣ ቁጥር "አሁን አውጥተዋታል" ይላል። ቀትር ሲሆን "አሁን ጠጠሩ ላይ ነች" ይላል። ከሙዘይን ጋር ሲያወራም በመካከሉ ይላል። ቃሉን የሚመልስለት መኪና አልወረደም፤ የወታደሩም መኪና በዚያው ቀረ። አንድ ቃል ልኮ የሠራውን በአንድ ቃል ማፍረስ አልቻለም።

በመጨረሻ የካልማዳሪያ ጎማ፣ ንፋስ የሚሞላውን የውስጥ ላስቲክ፣ በረዥሙ ቆርጦ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የማርሹን ዘንግ ከመቀመጫው ብረት ጋር ወጥሮ የሚያስርበትን ብልሃት አበጀ። ዳገቱ ላይ ሞከሩት። ያዘ። ደግሞ በቀትር ነበር፣ ጭነትም ነበረው። "ያላህ፣ እንሂድ" አለ ሙዘይን፤ እንግዳው ተሳፈረ።

መንገድ ላይ እስካለችው ከተማ፣ እስከ ዶካ፣ ደኅና ሄዱ። ሙዘይን ይነዳል፣ እንግዳው ጎማውን ያስራል ይፈታል፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እንደ ሁለት በሬ ተናብበው ይሠራሉ። ዶካን ሲያልፉ ንፋሱ ቀዘቀዘ። ሙዘይን "ያ ረብ" አለ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስተዋቱ ላይ ጭቃ ሆነው ወረዱ፣ ቀጥሎ ሰማዩ እንዳለ ተደፋ። አፈሩ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በሁለተኛ ማርሽ ላይ ተንጠለጠለ፤ አንደኛው ያሰጥማል፣ ሦስተኛው አይችልም። እንግዳው የጎማውን ማሰሪያ ተወና የማርሹን ዘንግ በሁለት እጁ፣ በጉልበቱም ጭምር ያዘ። መዳፉ ተላጠ። ኸር የሚሉት የክረምት ወንዝ ደረሱ፤ ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ነበር። ገቡ። ወዲያኛውን ዳር ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ማርሹ እጁን ጥሶ ዘለለ። ሎሪው ቆመ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እስከ ጎማው ወገብ ሰመጠ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ማርሽም ቢኖር አያወጣውም ነበር።

"አንተ ሂድ፣ እኔ ሎሪዬን አልተውም" አለ ሙዘይን። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "በል፣ ሂድ እንጂ!"

እንግዳው ጫማውን ጭቃው ውስጥ ትቶ ሄደ። ሲጨልም አንድ የእረኞች ዳስ ውስጥ ተጠለለ፣ ሲነጋ ተነሣ። እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ የሚያውቀውን ቅዱስ ሁሉ እየጠራ ሄደ። ጉብታው ከሩቅ ሲታየው አንድ የጠፍር አልጋ አየበት። አልጋው ላይ ከማዳበሪያ የተሰፋ ሸራ በአራት እንጨት ተወጥሯል። ራዲያ ከሥሩ ቁጭ ብላለች።

ራዲያ ሲቀርብ አየችው፣ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ተነሥታ ሮጣ ተቀበለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ነገረችው።

"ከላክህባት ቀን ጀምሮ የአገርህ ልጆች ጧት ያወጧታል፣ ማታ ያስገቧታል። ትናንት ዝናቡ ሲጥል እንመልስሽ ብንላት እምቢ አለች። 'አያ መጥቶ ካጣኝ ይመለሳል፣ መኪና እኮ አይጠብቅም' አለች። አለቀሰችብን፣ አልጋውን ጨብጣ። ምን እናድርጋት? ሸራ ዘረጋንላት። ዝናቡ ግን ሸራውን አልፎ ነው የገባ።"

ቀረበ። እኅቱን በመልኳ አላወቃትም፤ የቀረ መልክ የላትም። ዓይኗን ስትገልጥ ግን አወቃት።

"አያ" አለች። ደረቅ እጇን ፊቱ ላይ አኖረች፣ ጢሙን ዳበሰች፣ እሱ መሆኑን አረጋገጠች። ቀጥሎ በትከሻው ላይ አሻግራ ከበስተኋላው አየች።

"መኪናውስ?"

እንግዳው የተላጠውን መዳፉን ጨበጠ። በዚያች ቅጽበት የሚናገረው እውነት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከአፉ አልወጣለት አለ።

"ኋላ እየመጣ ነው" አላት።

"እንዲያ ከሆነ ቀና አድርገኝ" አለች። "ሲመጣ ልየው።"

ከአልጋው ራስጌ ተቀምጦ በደረቱ ደግፎ ቀና አደረጋት። ራዲያ ፊቷን አዞረች። መንገዱ ከጉብታው ሥር ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ውኃ ተኝቶበት ያብለጨልጫል። ሸጊቱ ዓይኗን ሳታርገበግብ አየችው። አንድ ሁለቴ "ያ ነው?" አለች፤ "ገና ነው፣ ይደርሳል" አላት።

ቀኑን እንዲህ ዋሉ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ፊቷ ወደ መንገዱ እንደሆነ፣ አረፈች። የአገሯ ልጆች መጥተው እዚያው ከጉብታው ጀርባ ቀበሯት፣ ውኃ የማይቆምበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ። ሙዘይን ሎሪውን ከኸሩ ያወጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።